የውሃ መሳቢያ ሞተር ፒስተን ሲበላሽ፦ ከመለወጥ በፊት ምክንያቱን ማወቅ

በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻና በመቂ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በበጋው ወራት ስንጎበኝ በብዛት የምንጠየቀው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥመን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ «ሞተራችን ቆሟል፤ መካኒኩ ፒስተኑ ተበላሽቷል ይለናል፤ አስጠግነን እንጠቀም ወይስ በአዲስ እንለውጥ?» የሚል ነው።

እኛ በሙያችን የሰብል ባለሙያዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም በመስኖ የሚለማ ሰብል ሕይወቱ በሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሞተሩን ዞር ብሎ የማያይ የሰብል ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ብቻ ሠርቷል ለማለት እንደፍራለን። ይህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን መካኒክ ለማድረግ የተዘጋጀ አይደለም። ዓላማው ሠራተኛውና የማኅበሩ ኮሚቴ ከመካኒኩ ጋር ሲነጋገሩ ምን መጠየቅ፣ ምን ማየትና ምን ማስለካት እንደሚገባቸው ማስገንዘብ ነው። ከሁሉም በላይ ልናስጨብጥ የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ፒስተን በራሱ ጊዜ አይበላሽም፤ ያበላሸው ነገር አለ። ያ ነገር ሳይገኝ የሚገጠም አዲስ ፒስተን የአሮጌውን ዕጣ መከተሉ አይቀርም።

1. ሞተር ሲቆም ሰብሉ ምን ይሆናል?

ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ያልሆነ ሰብል ነው። አብዛኛው ሥሩ የሚገኘው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ስለሆነም በስምጥ ሸለቆው ቀላልና አሸዋማ አፈር ላይ በበጋ ወራት ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃ ማግኘት ይኖርበታል። በተለይ ኮረቱ መወፈር በሚጀምርበት ወቅት ውሃ ቢያጣ ጉዳቱ ከፍተኛ ነው። ኮረቱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ከድርቀት በኋላ በድንገት ብዙ ውሃ ሲሰጠው ደግሞ የሚሰነጠቀውና መንታ የሚሆነው ይበዛል። እንዲህ ያለውን ሽንኩርት ነጋዴ አይፈልገውም።

እንግዲህ የፒስተን ጥገና ማለት ሞተሩን መፍታት፣ ሲሊንደሩን ወደ ቶርኖ ቤት መላክ፣ መለዋወጫውን ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣትና መልሶ መግጠም ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን አንድ ወይም ሁለት የውሃ ተራ ያልፋል። የመለዋወጫው ዋጋ በደረሰኝ ላይ ይታያል፤ ሰብሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ መጠገን ሁለት ጊዜ በችኮላ ከመጠገን ይሻላል የምንለው ስለዚህ ነው።

2. በአንድ በጋ ሁለት ፒስተን

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ ማኅበር ያየነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የማኅበሩ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በታኅሣሥ ወር ኃይሉ እየደከመ፣ ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ቆየና ቆመ። መካኒክ ተጠርቶ አዲስ ፒስተንና አዲስ ቀለበቶች ገጠመ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን በደንብ ስለተነሣ ሁሉም ተደሰተ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ሰማያዊ ጭስ ተመለሰ። ጊዜው ጥር፣ ሽንኩርቱም ኮረት የሚያበጅበት ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ እኛም በቦታው ነበርን። አዲሱ ፒስተን በአሸዋ ወረቀት የታሸ ይመስል ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መድከም አላስፈለገም። የአየር ማጣሪያውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ሞተሩ አየሩን የሚስበው በማጣሪያው በኩል ሳይሆን በስንጥቁ በኩል ነበር፤ አቧራው እንዳለ ወደ ሲሊንደሩ ይገባ ነበር። የሁለት ፒስተን ወጪና የአንድ በጋ ሽንኩርት የጠፋው በአንድ ክንድ ጎማ ምክንያት ነው።

በዚህ ነገር መካኒኩን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም። በዚያው ወቅት እኛ ራሳችን ማሳውን ሁለት ጊዜ ጎብኝተን የትሪፕስ ተባይ ቆጥረናል፤ የተክሎችንም ርቀት ለክተናል። ሞተሩ ከቆምንበት ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ እያጓራ ሳለ ቱቦውን ያየ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

3. ፒስተን ምን ይሠራል? ለምንስ ይጎዳል?

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ክፍል ነው። ናፍጣው ሲነድ የሚፈጠረውን ግፊት ተቀብሎ በቢዬላ አማካይነት ወደ ኮሎው ያስተላልፋል፤ ኮሎውም ግፊቱን ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ሞተር ፒስተኑ በእያንዳንዱ ሰከንድ 25 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። በዙሪያው በጋራዥ አጠራር ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶች አሉ። የላይኞቹ ግፊቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይይዛሉ፤ የታችኛው ደግሞ ትርፍ ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ እየጠረገ ይመልሳል።

አብዛኞቹ ፒስተኖች የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ግን ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ሙቀቱን በቀለበቶቹና በዘይቱ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ያለማቋረጥ ስለሚያስተላልፍ ነው። በተጨማሪም አሉሚኒየም በሙቀት ጊዜ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተትና በውስጧ ያለው የዘይት ሽፋን የሞተሩ ሕይወት ናቸው። አቧራ ሽፋኑን ያቆሽሸዋል፤ የዘይት ማነስ ያጠፋዋል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ደግሞ ክፍተቷን ይዘጋታል።

የአካባቢያችን ከፍታም ሊታሰብበት ይገባል። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በዚህ ስፍራ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ይጎድለዋል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲባል የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያውን ቪቴ የሚከፍቱ አሉ። የተጨመረው ናፍጣ ግን የሚያነደው አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ፒስተኑንም ያግለዋል። እንዲሁም ውሃ በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳኑ የላላ ወይም የጠፋ ሞተር ውሃው ቶሎ ፈልቶ ያልቅበታል።

4. የተበላሸው ፒስተን የሚሰጠው ምስክርነት

ሞተሩ ሲፈታ አሮጌው ፒስተን መጣል የለበትም። መካኒኩ ሳያጥበው በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የኮሚቴው አባላት በብርሃን ላይ ይዘው ይመርምሩት። የሚከተሉት ምልክቶች ለምርመራው ይረዳሉ።

ሀ) ዙሪያውን ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጥቃቅን ጭረቶች፣ የደበዘዘ ግራጫ መልክና የሳሱ ቀለበቶች፦ አቧራ ገብቷል። የላይኛው ቀለበት ከሌሎቹ ይበልጥ ካለቀ አቧራው የገባው በአየር መሳቢያው በኩል ነው። የታችኛው የዘይት ቀለበትና ብሮንዚናዎቹ ይበልጥ ካለቁ ግን ቆሻሻው ያለው በዘይቱ ውስጥ ነው።

ለ) በፒስተኑ ቀሚስ ላይ፣ ከስፒኖቶው ቀዳዳ ግራና ቀኝ፣ በአራት ማዕዘን የታዩ የተላጡና የተጣበቁ ቦታዎች፦ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ግሏል። ውሃ ማለቁ፣ የማቀዝቀዣው መንገድ በደለል መዘጋቱ፣ ችንጋው መላላቱ ወይም አዲስ ፒስተን ያለ በቂ ክፍተት መገጠሙ ይመርመር።

ሐ) የጠቆረና የደረቀ መልክ ያለው፣ በቀሚሱ ላይ ሰፋ ያለ መላጥ፦ ዘይት አልደረሰውም፤ ወይም ዘይቱ በናፍጣ ቀጥኗል።

መ) አናቱ የተበላ፣ የቀለጠ ወይም የተበሳ፦ ናፍጣ መርጫው ኖዝል በደንብ ሳይበትን ያንጠባጥባል፤ ወይም ናፍጣው ከጊዜው ቀድሞ ይረጫል። ኖዝሉ በመሞከሪያ መሣሪያ ሳይፈተሽ አዲስ ፒስተን አይገጠም።

ሠ) በቀለበቶቹ መካከል ያለው ግንብ መሰበር፦ ሞተሩን ለማስነሣት በኤተር መጠቀም፣ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባት፣ ወይም በአሮጌ ሲሊንደር ላይ አዲስ ቀለበት መግጠም ያመጣዋል። ሲሊንደሩ ሲያልቅ የላይኛው ቀለበት ከሚደርስበት በላይ ያልተነካ ደፍ ይቀራል፤ አዲሱ ቀለበት ከዚህ ደፍ ጋር እየተጋጨ ግንቡን ይሰብራል።

ረ) አናቱ ላይ የመቀጥቀጥ ምልክት፦ ባልቦላ ነክቶታል፤ ወይም ዳዶና የመሰለ ባዕድ ነገር ወድቆበታል።

ሰ) በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በአንድ መስመር የተቆፈረ ጥልቅ ቦይ፦ ስፒኖቶውን የሚይዘው የሽቦ መቆለፊያ ወጥቷል። አሮጌው መቆለፊያ ተመልሶ መገጠሙ ወይም ቢዬላው መጣመሙ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

5. የሚጠገን የትኛው ነው? የማይጠገንስ?

ቀለበቶቹ በጥላሸት ተጣብቀው ከሆነና ፒስተኑ ሌላ ጉዳት ከሌለው ማጽዳት ይበቃል። ጥላሸቱ በናፍጣ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ በእንጨት ይፋቃል። የቀለበቶቹን ቦይ በተሰበረ አሮጌ ቀለበት ቁራጭ በጥንቃቄ ማጽዳት ይቻላል። በሽቦ ብሩሽና በካቻቢቴ መፋቅ ግን የተከለከለ ነው፤ አሉሚኒየም ለስላሳ በመሆኑ ቦዩ ይሰፋል። በጥፍር ሲዳሰስ የማይታወቅ ቀላል ጭረትም ፒስተኑን አያስጥልም።

ከዚህ በታች ያሉት ጉዳቶች የደረሱበት ፒስተን ግን ይለወጣል፦ ስንጥቅ ያለው፣ አናቱ የቀለጠ ወይም የተበሳ፣ የቀለበት ግንቡ የተሰበረ፣ የቀለበት ቦዩ የሰፋ፣ የስፒኖቶው ቀዳዳ የላላ። የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ፒስተን በብየዳ እንዲሞላ የሚያግባባ ቢኖር ኮሚቴው እሺ ማለት የለበትም። ብየዳው የፒስተኑን ክብደትና በሙቀት ጊዜ የሚለጠጥበትን ሁኔታ ይለውጠዋል፤ ሲላቀቅም ፒስተኑን ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩን፣ ቢዬላውንና ቴስታታውን ይዞ ይጠፋል።

6. ሳይለኩ መግዛት አይገባም

አዲስ ፒስተን ከመገዛቱ በፊት ሲሊንደሩ ወይም ካሚቻው ይለካል። ልኬቱ በሦስት ከፍታ፣ ይኸውም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰዳል። በእያንዳንዱም ከፍታ አንድ ጊዜ በኮሎው አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእርሱ መስቀለኛ በሆነው አቅጣጫ ይለካል። ስድስቱ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሲሊንደሩ ይበልጥ የሚያልቀው የላይኛው ቀለበት በሚቆምበት ስፍራ ስለሆነ፣ በላይኛውና በታችኛው ልክ መካከል ያለው ልዩነት የማለቁን መጠን ያሳያል። ልዩነቱ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚፈቅደው ካለፈ፣ ካሚቻ ያለው ሞተር ካሚቻው ከፒስተኑ ጋር በአንድነት ይለወጣል። ካሚቻ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩ በረቲፊካ ሰፍቶ ትልቅ ልክ ያለው ፒስተን ይገጠምለታል። ትልልቆቹ ልኮች ብዙውን ጊዜ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ የሚሄዱ ናቸው። ፒስተኑ ተገዝቶ በእጅ ሳይገባና ሳይለካ ሲሊንደሩ መስፋት የለበትም፤ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነውና።

የቀለበት አፍ ክፍተትም እንዲሁ ይለካል። ቀለበቱ ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ይገባና በፒስተኑ አናት ተገፍቶ ይስተካከላል፤ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ቅጠል ይታያል። መመሪያ መጽሐፉ በሌለበት ጊዜ እንደ አጠቃላይ ደንብ የሚያዘው ለ100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቀለበቱ በሙቀት ጊዜ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ይሰበራል። ከሰፋ ደግሞ ግፊት ያስመልጣል፤ ዘይትም ያቃጥላል።

7. በሚገጠምበት ጊዜ መታየት ያለባቸው ነጥቦች

ሥራው በዛፍ ሥር፣ ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት ስፍራ ቢሠራ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዝግ ክፍል ይፈለግ፤ ካልተገኘ በጧት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ መሬቱን ውሃ ረጭቶና ንጹሕ ሸራ አንጥፎ መሥራት ይገባል። ከዚያም፦

— የሰፋ ሲሊንደር በሳሙናና በሞቀ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ሳይጠቁር እስኪወጣ ድረስ እጥበቱ ይደገማል። ወዲያውኑም ዘይት ይቀባል።

— በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወይም ምልክት መመሪያው ወደሚያዘው አቅጣጫ ይዞራል። ቀለበቶቹም ጽሑፍ ያለበት ፊታቸው ወደ ላይ ይሆናል።

— የሦስት ቀለበቶች አፍ በአንድ መስመር አይደረደርም፤ በ120 ዲግሪ ልዩነት ይበተናል።

— የስፒኖቶው መቆለፊያዎች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የቴስታታው ጓርኒሲዮንም እንዲሁ።

— ፒስተኑ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው በቀለበት ማጥበቂያ ታስሮ፣ በመዶሻ የእንጨት እጀታ በቀስታ እየተገፋ ነው። እምቢ ካለ ቀለበቱ ወጥቷል ማለት ስለሆነ ተመልሶ ይታይ እንጂ በኃይል አይመታ።

— የቢዬላው ክዳን ከራሱ ቢዬላ ጋር፣ በቀድሞው አቅጣጫው ይገጠማል። ዳዶዎቹ መመሪያው በሚያዘው ልክ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

— ከአንድ በላይ ሲሊንደር ባላቸው የትራክተር ሞተሮች የአዲሱና የነባሮቹ ፒስተኖች ክብደት በሚዛን ይመሳከር።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። የሚነካ ወይም የሚያስቸግር ነገር ካለ በእጅ ይታወቃል።

8. አዲሱን ፒስተን ማለማመድ

ጥገናው አለቀ ተብሎ ሞተሩን በዚያው ዕለት ሙሉ ጭነት አሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት የተለመደ ስሕተት ነው። ማሳው ጠምቶ እያለ ይህን መከልከል ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር የሚግባቡት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ በመጠነኛ ጭነት ይሥራ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመርለት። ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት ማጓራትም ቢሆን የሲሊንደሩን ግድግዳ ስለሚያልሰው ቀለበቱ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ስለዚህ አይጠቅምም። የመጀመሪያው ዘይት ከ50 ሰዓት ገደማ በኋላ ይለወጥ።

9. ሞተሩ እስኪጠገን ሰብሉን ማቆየት

በጥገናው ጊዜ ከጎረቤት ማኅበር በውሰት ወይም በኪራይ ፓምፕ ከተገኘ፣ የሚገኘውን ጥቂት ውሃ ለሁሉም እኩል ማካፈል ፍትሕ ቢመስልም ሁሉንም ሊያከስር ይችላል። ቅድሚያ ኮረት ለሚያበጀው ሽንኩርትና አበባ ላይ ላለው ቲማቲም ይሰጥ። ለመሰብሰብ የተቃረበው ሽንኩርት መታገሥ ይችላል፤ እንዲያውም አንገቱ መውደቅ ሲጀምር ውሃ መቆም አለበት። አንዱን ቦይ ዘሎ በሌላው ብቻ ማጠጣት፣ በሚቀጥለው ተራ ደግሞ የተዘለለውን ማጠጣት ውሃውን ለሰፊ ማሳ ያዳርሳል። ሥራው በጧትና በማታ ይሁን።

10. የዕለት ተዕለት ጥበቃ

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ከላይ የዘረዘርነው ጥፋት አብዛኛው በየዕለቱ ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ሥራ ይከለከላል። የሞተሩ ኃላፊ በየጧቱ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዘይቱንና ውሃውን ይይ። የአየር ማጣሪያውን ከፍቶ ያጽዳ፤ ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ የተጠራቀመውን ጭቃ ደፍቶ እስከ ምልክቱ አዲስ ዘይት ይሙላ። ቱቦውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ይዳስስ። ናፍጣ በበርሜል ከመጣ አንድ ሌሊት ረግቶ ይደር፤ ሲቀዳም ከሥሩ ያለው አይነካ። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የተጨመረው ዘይትና የጭሱ ቀለም በደብተር ይመዝገብ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የናፍጣ መብዛትን፣ የማይቆም ነጭ ጭስ ደግሞ ያልነደደ ናፍጣን ወይም ውሃን ያመለክታል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በማሳ ጉብኝት ቅጹ ላይ ከተባይና ከአረም ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምር ዘንድ እናሳስባለን፤ «የአየር ማጣሪያውና ቱቦው ታይቷል» የሚል። እኛ ያን መስመር በቅጻችን ላይ የጨመርነው አንድ በጋ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሠራተኛ ግን ከሚቀጥለው ጉብኝቱ ጀምሮ ሊያደርገው ይችላል። ማኅበሩም ሞተሩ በተፈታ ቁጥር ለመካኒኩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ያስወጣል?» ሳይሆን «ምን አበላሸው?» የሚል ይሁን።